«ኢን-ሎው» እና «አውትሎው» ተቃራኒ አይደሉም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

የእንግሊዝኛ አምዳችሁን ወድጄ ነው የማነበው። ባለፈው ግን «ኢን-ሎው» እና «አውትሎው»ን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ፣ አንዱን «የጋብቻ ዘመድ» ሌላውን «ሕገወጥ» ብላችሁ ማለፋችሁ አልበቃኝም። ልጆች «ኢን» ውስጥ፣ «አውት» ውጪ መሆኑን ስለሚያውቁ ተቃራኒ ያደርጓቸዋል። ዘጠነኛ ክፍል ያለችው የእህቴ ልጅ ደብተሯ ላይ «አውትሎው፦ ከፍቺ በኋላ የቀድሞ አማት» ብላ ጽፋለች። እሷ ምን ታድርግ፣ ማን ነገራት?

«ሎው» የሚለው ሁለቱ ውስጥ አንድ ሕግ አይደለም። በ«ኢን-ሎው» ውስጥ ያለው ማን ማንን ማግባት እንደማይችል የሚወስነው የቤተ ክርስቲያን ሕግ ነው። የሚስትህ እናት ባትወልድህም በዚያ ሕግ ፊት እንደ እናትህ ናት። ይሄ ለጎንደር ሰው እንግዳ አይደለም፤ ፍትሐ ነገሥቱም የጋብቻ ዝምድናን ቆጥሮ ይከለክላል። «አውትሎው» ግን የመንግሥት ሕግ ጥበቃውን ያነሳበት ሰው ነው። በድሮዋ እንግሊዝ ፍርድ ቤት ሲጠራ አልቀርብም ያለ ሰው ከሕግ ውጪ ይባላል፣ ንብረቱ ይወረሳል፣ በጥንቱ ጊዜማ ያገኘው ቢገድለው እንኳ አይጠየቅም ነበር። በወንጀል ጉዳይ ሥርዓቱ ጨርሶ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ስለዚህ ሌባ ሁሉ አውትሎው አይደለም፤ ለእኛ የሚቀርበው ሽፍታ ነው።

ምሳሌ ከፈለጋችሁ ደግሞ እዚሁ አለላችሁ። ካሳ ኃይሉ ቋራ ላይ ሸፍተው ሲያስቸግሩ ራስ አሊ ልጃቸውን ተዋበችን ዳሩላቸው፣ አማች አደረጓቸው። አማችነቱ አላሰራቸውም። መልሰው ሸፈቱና በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ አማታቸውን ድል ነሱ፤ በ1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ተዋበች ደግሞ ከአባቷ ይልቅ ከባሏ ጎን ነው የቆመችው! አንድ ሰው ኢን-ሎውም አውትሎውም ሊሆን እንደሚችል ከዚህ በላይ ምን ያስረዳል?

«ብራዘር-ኢን-ሎው»ንም አደራ። የእህት ባልም የባል ወንድምም በእንግሊዝኛ አንድ ናቸው፤ እኛ አንዱን አማች፣ ሌላውን ዋርሳ እንላለን። ተማሪው መጀመሪያ «የማን ወንድም? የማን ባል?» ብሎ እንዲጠይቅ ንገሩት። እባካችሁ ፈተና ሳይደርስ አምዱን አስተካክላችሁ ድገሙት።

አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር አዘዞ