አጥሩ ተቆረጠ እንጂ ገንዘባችሁ አልባከነም፦ ለሐዲዱ ማቋረጫ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ውድ የሠፈራችን ነዋሪዎች፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎችና መምህራን፣ ከዚህ ግቢ ተመርቃችሁ የወጣችሁ ሁሉ፤

ወሬው ሳይደርሳችሁ አይቀርም። አምና በእናንተ መዋጮ በባቡር ሐዲዱ ዳር ያቆምነው የሽቦ አጥር ሦስት ቦታ ላይ ተቆርጧል። ትልቁ ቀዳዳ ከዶርሞቹ ፊት ለፊት ነው። ሰኞ ማታ ሄደን አየነው። የተቆረጠው ሽቦ ጫፍ ላይ የሹራብ ክር ተንጠልጥሏል። እዚያው ቆመን ሳለ አንድ ልጅ መጣ። መጀመሪያ ቦርሳውን አሾለከ፤ ከዚያ ራሱ ጎንበስ ብሎ ገባ። ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጓል። ግራ ቀኝ አላየም። ጮኸን ጠራነው፤ አልሰማንም። ከአጠገቡ ቆመን ያልሰማን ልጅ ባቡሩን በምን ይስማው?

«ገንዘባችን ውኃ በላው» የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። ከኮሚቴያችንም ሁለት አባላት በቃን ብለው ወጥተዋል። አንፈርድባቸውም፤ ሁላችንም ደክሞናል። ግን ሒሳቡን እንተሳሰብ። መዋጮው የገባው አጥሩ ላይ፣ የእግረኛ መንገዱ መብራቶች ላይና ማስጠንቀቂያ ሰሌዳዎቹ ላይ ነው። አበል የበላ የለም። ፎቶኮፒ እንኳ ከኪሳችን ነው። ደረሰኙ በሙሉ በፋይል ተቀምጧል፤ መጥቶ ማገላበጥ ለሚፈልግ በራችን ክፍት ነው። ደግሞስ መብራቶቹ ከመተከላቸው በፊት ያ መንገድ ማታ ምን ይመስል እንደነበር ረሳችሁት?

አጥሩም ቢሆን ከንቱ አልቀረም። ድሮ ሰው ደስ ባለው ቦታ ሁሉ ነበር የሚሻገረው። ዛሬ በሦስት ቀዳዳ ነው።

ጥፋታችንንም እንመን። ዝም ብለን አጠርን። የተፈቀደው ማቋረጫ ሩቅ ነው፤ ክፍል ሊጀመር አምስት ደቂቃ የቀረው ልጅ ያን ሁሉ መንገድ አይዞርም። አሁን ቀዳዳውን ከመስፋት ይልቅ ትልቁ ቀዳዳ ያለበት ቦታ ላይ ራሱ ደህና የእግረኛ ማቋረጫ ልንሠራ ነው። መግቢያው ጠመዝማዛ ይሆናል። ተሻጋሪው አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ስለሚዞር ሳይወድ በግዱ ሐዲዱን በሁለቱም አቅጣጫ ያያል። ደወልና ቀይ መብራት ይኖረዋል። የዊልቸርና የብስክሌት ጎማ እንዳይቀረቀር በሐዲዶቹ መሃል የጎማ ንጣፍ ይነጠፋል። መሬቱ የባቡር ድርጅቱ ስለሆነ ፈቃድ ለማግኘት ያየነውን አበሳ ለሌላ ቀን እናቆየው። ብቻ ተገኝቷል።

«ባቡር ሲመጣ ካየሁ እሮጣለሁ» የሚል ተማሪ ብዙ ነው። ጭነት የያዘ የእቃ ባቡር በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር እየሄደ ፍሬን ቢያዝ፣ እስኪቆም 1.5 ኪሎ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ይጓዛል። ነጂው ልጁን ባየበት ቅጽበት ነገሩ አልቋል ማለት ነው። ደግሞ ትልቅ ነገር ከሩቅ ሲመጣ ለዓይን ቀስ ያለ ይመስላል። አንዱ ባቡር አለፈ ብሎ የሚገባውን ከጀርባው በሌላው መስመር የሚመጣው ያገኘዋል። ከሐዲዱ ጠርዝ ቆሜ አሳልፈዋለሁ የሚልም አለ፤ የባቡሩ አካል ግን ከሐዲዱ ወደ ጎን 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወጣል። ፍሬሽ ተማሪዎች ይህን ማን ነግሯቸው ያውቃሉ?

«ድርጅቱ ራሱ አይከፍልም ወይ?» ትሉናላችሁ። ደብዳቤ ጽፈናል፣ አሁንም እንጽፋለን። ልጆቹ ግን መልሱን ቆመው አይጠብቁም።

ከሚያስፈልገን ገንዘብ ግማሹን ጥቂት አልፈን ቆመናል። ሁለት ወር ሆነ፣ ንቅንቅ አላለም። ኮንትራክተሩ በተስማማንበት ዋጋ የሚቆየው አዲሶቹ ተማሪዎች እስኪገቡ ድረስ ነው። የሃምሳ ሎሚውን ተረት አንደግምባችሁም፤ እኛም ሰልችቶናል። ነፍስ ማዳን በየትኛውም እምነት ጽድቅ መሆኑን ግን ታውቃላችሁ። አማኝ ያልሆናችሁም በዚያ መንገድ የሚመላለስ ልጅ፣ እህት ወይም ጓደኛ አላችሁ። ትንሽ ነው ብላችሁ አትፈሩ። ገንዘብ የሌላችሁ፣ ትምህርት በተከፈተ የመጀመሪያ ሳምንታት ከእኛ ጋር ጠዋትና ማታ ቀዳዳው ላይ ቁሙ።

አከፋፈሉ እንደ አምናው ነው። ገንዘቡ የሚገባው በኮሚቴው ስም በተከፈተው የባንክ ሒሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ በግቢው ዋና በር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይና በአምናው ደረሰኛችሁ ራስጌ ላይ አለ። ስታስገቡ ምክንያቱ ላይ «ማቋረጫ» ብላችሁ ጻፉ፤ አምና ሳይጻፍበት የገባ ገንዘብ የማን እንደሆነ ስንፈልግ ከርመናል። ገንዘቡ ያለ ሦስት ፊርማ አይወጣም። በጥሬው ለማንም አትስጡ፤ ለእኛም ቢሆን። በስልክ ደውሎ ሌላ ቁጥር የሚሰጣችሁ ሰው ከኮሚቴው አይደለም።

ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ትልቁ ቀዳዳ ጋ እንገኛለን። ፋይሉንም ይዘን እንመጣለን። የሒሳብ ቁጥሩ ያው የአምናው ነው፤ አልተቀየረም። «ማቋረጫ» ማለቱን አትርሱ።

የሐዲድ ደህንነት ኮሚቴው