ጉዳዩ፦ በደመና ጠብታ መለኪያችን ላይ ስለተፈጸመ የካሊብሬሽን ጉድለት ቅሬታ ስለማቅረብ

ለሳይንሳዊ መሣሪያዎች ጥገና አገልግሎት ክፍል
አዲስ አበባ

በምርምር አውሮፕላናችን ክንፍ ሥር የሚታሰረውን የደመና ጠብታ መለኪያ ለጽዳትና ለካሊብሬሽን (ንባቡን ከታወቀ መጠን ጋር አነጻጽሮ ለማስተካከል) አስረክበናችሁ፣ ሙሉ ክፍያውን ፈጽመን መልሰን ተረክበናል። አብሮት የመጣው ምስክር ወረቀት ማኅተሙ የደመቀ፣ ፊርማው ያማረ ነው። መሣሪያው ግን ወረቀቱን አይመስልም።

ሳጥኑን እንደከፈትን ያየነው በሌዘሩ መስኮት ላይ የታተመ የአውራ ጣት አሻራ ነው። ጽዳት የተባለው ይህ ከሆነ ሳይጸዳ ቢቀር ይሻል ነበር። መሣሪያው የጠብታዋን መጠን የሚያውቀው በሌዘሩ ውስጥ ስታልፍ ወደ ፊት በምትበትነው ብርሃን ነው፤ መስኮቱ ሲቆሽሽ ብርሃኑ ይደክማል፣ ጠብታዋም ከመጠኗ አንሳ ትመዘገባለች።

የባሰው የካሊብሬሽኑ ሰንጠረዥ ነው። መጠናቸው የታወቀ የመስታወት እንክብሎችን በሌዘሩ ማሳለፋችሁ ትክክለኛ አሠራር ነው። ይሁን እንጂ የመስታወት የብርሃን ስብረት አኃዝ (ብርሃንን ምን ያህል እንደሚያጎብጥ የሚያሳየው ቁጥር) 1.5 ገደማ ሲሆን የውኃ 1.33 ነው፤ እኩል ስፋት ያላቸው የመስታወት እንክብልና የውኃ ጠብታ እኩል ብርሃን አይበትኑም። እናንተ የመስታወቱን ዲያሜትር ወደ ውኃ ሳትቀይሩ እንዳለ አስፍራችሁታል። ባለሙያችሁ በስልክ «ልዩነቱ ጥቂት ነው» ብለውናል። የደመናው የውኃ መጠን የሚሰላው ከዲያሜትሩ ኩብ ስለሆነ፣ ዲያሜትሩ በ10 በመቶ ከፍ ብሎ ቢለካ ውኃው በ33 በመቶ ይጋነናል። ይህ ጥቂት ከተባለ ብዙ የሚባለው የትኛው ነው?

በተጨማሪም ሳንጠይቃችሁ ሌዘሩ በመካከላቸው የሚያልፈውን የመሣሪያውን ክንዶች ሹል ጫፎች አንሥታችሁ ድቡልቡል የሆኑትን አሮጌዎቹን ገጥማችኋል። የበረዶ ቅንጣት ከእነዚህ ጋር ሲላተም ይሰባበርና ስብርባሪው ወደ ሌዘሩ ገብቶ እንደ ብዙ ትናንሽ ቅንጣቶች ይቆጠራል። ሹሎቹን በተጨማሪ ገንዘብ የገዛናቸው ስብርባሪውን ከሌዘሩ እንዲያርቁልን ነበር። በርክክብ ሰነዱ ላይ ተመዝግበዋል፤ አሁን የት እንዳሉ አናውቅም።

ስለዚህ ሹል ጫፎቹ እንዲመለሱ፣ ጽዳቱና ካሊብሬሽኑ ያለ ተጨማሪ ክፍያ በድጋሚ እንዲሠራ፣ የእያንዳንዱ እንክብል መጠንና የተመዘገበው የብርሃን ንባብም ከምስክር ወረቀቱ ጋር እንዲያያዝልን እንጠይቃለን። የክረምት በረራችን ስለተቃረበ ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተፈጸመ የከፈልነው ገንዘብ እንዲመለስልን በውላችን መሠረት እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር
የበረራ ልኬት ቡድን አስተባባሪ

ግልባጭ፦
ለግዥ ክፍል
ለሕግ አገልግሎት