የክበባት ዘገባ፦ የፊዚክስና ሒሳብ ክበብ በ2017 ዓ.ም.

ክበባችን ዓመቱን በጥይት ጉዳይ ላይ ማሳለፉን የሰሙ አንዲት ወላጅ በኅዳር ወር ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው ስላነጋገሩኝ፣ ዘገባዬን ለእሳቸው በሰጠሁት መልስ ብጀምር ይሻላል። ወደ ክበቡ አንድም ጥይት አልገባም፤ ጠመንጃም በዓይናችን አላየንም። የሠራነው በወረቀት፣ በማስመሪያ፣ በብይና በአንድ አሮጌ የመጋረጃ ሐዲድ ነው። ጥያቄው ግን በእርግጥም የጥይት ጥያቄ ነበር።

መነሻው የፓሪስ ኦሊምፒክ ነው። ክረምቱን ሩጫ ሲከታተሉ ከከረሙት ተማሪዎቻችን አንዱ፣ ሐምሌ 25 ቀን 2016 ዓ.ም. በሻቶሩ ከተማ ቻይናዊው ሊዩ ዩኩን ያሸነፈበትን የ50 ሜትር የጠመንጃ ውድድር በስልኩ ይዞ መጣ። ተወዳዳሪዎቹ ተንበርክከው፣ በደረታቸው ተኝተውና ቆመው የሚተኩሱ ሲሆን፣ 10 ነጥብ የሚያሰጠው ክብ ከጫፍ እስከ ጫፍ 10.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። «ሁሉም እንዲህ ጎበዝ ከሆኑ የሚለያያቸው ጥይቱ ነዋ!» አለ ልጁ። ሌላው ተቀብሎ «ታዲያ የማን ፋብሪካ ይበልጣል?» ብሎ ጠየቀ፤ ይህ ጥያቄ እስከ ጥር ወር ድረስ ያለ ፍሬ አከራከረን።

በዚህ ውድድር ስማቸው የሚነሣ ጥይቶች የእንግሊዙ ኢሌይ ቴኔክስ፣ ላፑዋ ኤክስ አክትና የጀርመኑ አር ደብሊው ኤስ አር 50 ናቸው። የሁሉም እርሳስ፣ ማለትም ከቀለሃው ተላቆ ወደ ኢላማው የሚበርረው የጥይቱ ክፍል፣ 5.6 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 2.6 ግራም ገደማ ክብደት ሲኖረው፣ ከአፈሙዙ የሚወጣውም በሰከንድ 330 ሜትር አካባቢ ነው። ይህ ፍጥነት የተመረጠው ከድምፅ ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ ከ340 ሜትር ገደማ፣ በታች እንዲሆን ነው፤ ከድምፅ የፈጠነ እርሳስ በመንገዱ ላይ ፍጥነቱ ወደ ድምፅ ፍጥነት ሲወርድ ይናወጣልና። ትላልቅ ጠመንጃ የሚተኩሱ ስፖርተኞች ባዶውን ቀለሃ ሰብስበው፣ ባሩዱን በገዛ እጃቸው መዝነው መልሰው ሊሞሉት ይችላሉ። በዚህኛው ጥይት ግን ባሩዱን የሚለኩሰው ቅመም የሚቀመጠው በቀለሃው ግርጌ ዙሪያውን ባለው ቀጭን ጠርዝ ውስጥ ነው፤ መምቻው ጠርዙን ጨፍልቆ ስለሚያቀጣጥለው፣ ቀለሃው አንዴ ከተተኮሰ ለዳግም ሙሌት አይሆንም። ስለዚህ ተኳሹ ፋብሪካው ያደረገለትን ተቀብሎ ከመሄድ በቀር ምርጫ የለውም፤ ቅመሙ በጠርዙ ውስጥ እኩል ካልተዳረሰም ፍጥነቱ ከጥይት ጥይት ይለያያል።

የፍጥነት ልዩነት ምን ያህል እንደሚጎዳ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ያሰላነው በአንድ ክፍለ ጊዜ ነው፤ የአየርን ግጭት ትተን፣ በመንገዱ ያለውን አማካይ ፍጥነት በሰከንድ 320 ሜትር ብንይዝ፣ እርሳሱ 50 ሜትር እስኪደርስ በመሬት ስበት 12 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ፍጥነቱ 310 ቢሆን ደግሞ ተጨማሪ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ይወርዳል። የእርሳሱ ጠርዝ የክቡን መስመር ከነካ 10 ስለሚቆጠር፣ የቀዳዳው መሐል ከኢላማው መሐል እስከ 8 ሚሊ ሜትር መራቅ ይፈቀድለታል። ተኳሹ አንዳች ሳይሳሳት የተፈቀደለት ሁሉ በዚህ ብቻ አለቀ ማለት ነው። ልጆቹ ስሌቱ የተሳሳተ መስሏቸው ሁለት ጊዜ ደገሙት።

ወደ ልምምዱ የገባነው በየካቲት ነው። ሐዲዱን በጠረጴዛ ላይ አጋድመን አሠርን፤ ከአንድ ምልክት ላይ የተለቀቀ ኳስ ተንከባልሎ መሬት በተነጠፈው የካርቦን ወረቀት ላይ ሲወድቅ፣ ከሥር ባለው ነጭ ወረቀት ላይ ነጥብ ይተዋል። «ጥይቶቻችን» ከጋራዥ የተለመኑ የኩሽኔታ ብረት ኳሶችና ከሱቅ የተገዙ ብዮች ነበሩ። የብረቶቹ ነጥቦች አንድ ላይ ተጠጋግተው፣ ነገር ግን ሁሉም ለኢላማ በወረቀቱ ላይ ካሰመርነው መስቀል ወደ ግራ ወደቁ፤ የብዮቹ ደግሞ መስቀሉን ከብበው ተበታተኑ። አብዛኞቹ ተማሪዎች ብዮቹ እንደሚሻሉ እጃቸውን አወጡ። ትክክለኛነትና ወጥነት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እኔ ከማስረዳቴ በፊት፣ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሐዲዱን በጣቷ ጥቂት ወደ ቀኝ ገፋ አድርጋ የብረት ኳሶቹን እንደገና ለቀቀቻቸው፤ መስቀሉ ላይ ወደቁ። ለብዮቹ ግን የሚገፋ ነገር አልነበረም።

ትልቁ ጠብ የተነሣው ከሌሎቹ ርቆ በወደቀ አንድ ነጥብ ነው። «ቲቸር፣ ይሄኛውማ አይቆጠርም፤ እጄ ተንቀጥቅጦብኝ ነው» አለ የለቀቀው ልጅ። ኳሱ መሬት ሳይነካ ቢናገር ኖሮ እሰርዝለት ነበር፤ ነጥቡን አይቶ የመጣ ምክንያት ግን አልተቀበልኩትም፤ ልጁም አንድ ሳምንት አኮረፈኝ። በተኳሾች ዘንድ የሚታዩት፣ ቀዳዳዎቻቸው እጅግ የተጠጋጉ የኢላማ ወረቀቶችም ከስንት ወረቀት መካከል ተመርጠው እንደቀረቡ አለመጠየቅ የዋህነት ይመስለኛል። በሁለቱ እጅግ በተራራቁ ቀዳዳዎች መካከል ያለውን ርቀት ብቻ የሚለካ ሰው የቀሩትን ይጥላቸዋል፤ ይህም ርቀት በ10 ጥይት ሲለካ በ5 ከተለካው በአማካይ አንድ አራተኛ ገደማ ይሰፋል። ከዚያ በኋላ የእያንዳንዱን ነጥብ ከነጥቦቹ ሁሉ መሐል ያለውን ርቀት መዝግበን አማካዩን መውሰድ ጀመርን፤ አሰልቺ ቢሆንም ምንም አይጣልበትም።

የመጀመሪያውን ጥያቄያችንን ከሥሩ የነቀለው ግን የብዮቹ ጉዳይ ነው። ከአንድ ሱቅ የተገዙና አንድ ዓይነት ጽሑፍ ያለባቸው ሁለት ከረጢቶች፣ አንዱ ሰብሰብ ሲል ሌላው ተበታተነ። የውድድር ተኳሾችም ችግር ይኸው ነው። የአንዱ ፋብሪካ ጥይት በአንድ ስም ቢሸጥም በምርት ዙር ይለያያል፤ ስለዚህ ተኳሾቹ ጠመንጃቸውን ይዘው ወደ መሞከሪያ ሥፍራ ይሄዳሉ፤ አፈሙዙ በማይነቃነቅ መያዣ ይታሠርና የተለያዩ ዙሮች በ50 ሜትር እየተተኮሱ ይነጻጸራሉ፤ የተሻለው ዙር ሲገኝ ከዚያው ቁጥር በብዛት ይገዛሉ። በአንዱ አፈሙዝ አንደኛ የወጣው ዙር በሌላው ተራ ሊሆን ይችላል። «የማን ፋብሪካ?» የሚለው ክርክር የዙሩና የአፈሙዙ ነገር ሳይነሣበት እንደማይቋጭ የገባን ያኔ ነው።

ያልሠራነውም አለ። አንዳንድ ተኳሾች ጥይቶቻቸውን አንድ በአንድ መዝነው ይለያሉ፤ እኛም ብዮቹን እንደዚያው ለመለየት አስበን ነበር፤ ነገር ግን የላቦራቶሪያችን ሚዛን ከ1 ግራም በታች ስለማያነብ ሳይሆን ቀረ። ለ2018 ዓ.ም. ክበቡ የጠየቀው የተሻለ ሚዛንና አንድ እሽግ የካርቦን ወረቀት ነው።