ግልጽ ደብዳቤ ለትምህርት ሚኒስትሩ፦ ስለማናየው ብር መከራከር ሰለቸን

ክቡር ሚኒስትር፣ እንደምን ከርመዋል። እኔ ጎጃም ውስጥ ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች ባንዱ የምማር፣ የዲፓርትመንቴ ተወካይ ሆኜ የተማሪዎች ህብረት ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የምቀመጥ ተማሪ ነኝ። የግቢውን ስም አልጠራም፣ ምክንያቱም ስም ከተጠራ ነገሩ "የእገሌ ግቢ ችግር" ይባልና አንድ ኃላፊ ተጠርቶ ይቆጣና እዛው ያልቃል፣ እኔ ደሞ የምጽፈው ስለ ሰው ሳይሆን ስለ አሰራር ነው።

ስብሰባችን ምን እንደሚመስል ልንገርዎት። አጀንዳው ክበባት ያቀረቡት ፕሮፖዛል ነበር፣ ስፖርቱ ለዲፓርትመንቶች የእግር ኳስ ውድድር ማልያ ይገዛልን ይላል፣ የሥርዓተ ፆታ ክበብ ለሴት ተማሪዎች ሞዴስ ይላል፣ አካባቢ ጥበቃ ችግኝ፣ ሌሎቹ ደሞ ለኤግዚት (ለመውጫ ፈተና) የሚዘጋጁ ጂሲዎች፣ ማለት ተመራቂዎች፣ የድሮ ጥያቄ የሚያባዙበት ወረቀት ምናምን። ከምሳ በኋላ የጀመርነው ካፌ ሊዘጋ እስኪል ድረስ አላለቀም። አንዱ ልጅ ተነስቶ ኳስ ወጣቱን ከሱስ ያርቃል፣ ማልያ የግቢው ገጽታ ነው ምናምን ብሎ ረጅም ንግግር አደረገ፣ ጥሩ ተናጋሪ ነው አይካድም። ቀጥላ አንዷ ልጅ እጇን አውጥታ "እናንተ ማልያ ባይኖር በቲሸርት ትጫወታላችሁ፣ እኛ በምን ክላስ እንግባ?" አለች። አዳራሹ ጸጥ አለ፣ ከዛ ተጨበጨበ። ግን ድምጽ ሲሰጥ ማልያው አሸነፈ፣ ለምን ቢባል አዳራሹ ውስጥ ወንድ ይበዛላ።

እኔን ያናደደኝ ግን ማልያው አይደለም። እጄን አውጥቼ "ለመሆኑ ስንት ብር ነው ያለን?" ስል የህብረቱ ፕሬዚዳንት ምን አለኝ መሰለዎት፣ "እሱን ዲኑ ነው የሚያውቀው"። ይኸው ነው። ያን ሁሉ ሰዓት ስንከራከርበት የዋልነው ብር ይኑር አይኑር ከመካከላችን የሚያውቅ የለም ነበር።

ከዛ የሆነውን ያው ይገምቱታል። ደብዳቤ ተጻፈ፣ ማህተም ተመታ፣ ለተማሪዎች አገልግሎት ዲን ገባ፣ ከዲን ወደ ፋይናንስ ተመራ፣ ፋይናንስ "የሂሳብ መደብ (ወጪው በበጀቱ ላይ የሚመዘገብበት ኮድ) አልተያዘለትም" አለ፣ እንደገና ተስተካክሎ ሲገባ ግዥ ክፍል ከነጋዴዎች ሦስት ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) አምጡ አለ፣ ፕሮፎርማው ሲሰበሰብ ሰኔ ደረሰ፣ ሰኔ ላይ ደሞ "በጀት ተዘግቷል"። ማልያውም ሞዴሱም ቀረ። ልጆቹ በየራሳቸው ቲሸርት ተጫወቱ፣ ሴቶቹን ማንም አልጠየቃቸውም።

ክቡር ሚኒስትር፣ ይሄ የአንድ ዲን ስንፍና ቢሆን ኖሮ ለእርስዎ አልጽፍም ነበር። ችግሩ ካላንደሩ ላይ ነው። የመንግስት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ገንዘብ ሚኒስቴር የበጀት ጥሪና ጣሪያ የሚልከው ግን ከዛ ወራት ቀድሞ ነው፣ ግቢዎች እቅዳቸውን ሞልተው ይልካሉ፣ ምክር ቤት ደሞ ዓመቱ ሳያልቅ ያጸድቃል። የኛ ህብረት የሚመረጠው መቼ ነው? ተማሪ ገብቶ፣ ፍሬሽ ተመዝግቦ፣ ህዳር ታህሳስ ላይ። ያውም ሰላም ሆኖ መንገድ ከተከፈተ፣ ከ2015 ነሐሴ ወዲህ ጎጃም ውስጥ የትምህርት ካላንደር የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ እርስዎም ያውቁታል። ስለዚ የተመረጡት ልጆች ቢሮ ሲገቡ የዓመቱ ብር ለምን እንደሚውል በየስሙ ተጽፎ አልቋል፣ የሚቀጥለው ዓመት ሲታቀድ ደሞ ማንም አይጠራቸውም፣ እነሱ ተመርቀው ይሄዳሉ፣ አዲሶቹ መጥተው ያንኑ ማልያና ያንኑ ሞዴስ ከዜሮ ይከራከራሉ።

"በመንግስት ብር እናንተን ምን አገባችሁ" የሚል ሰው አለ፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያገባናል እንጂ! ከ1996 ጀምሮ ወጪ መጋራት አለ፣ ሁላችንም ፎርም ሞልተን ፈርመናል። ከትምህርቱ ወጪ 15 በመቶ፣ የምግቡንና የመኝታውን ደግሞ ሙሉውን ተመርቀን ከደሞዛችን ልንከፍል ነው የተዋዋልነው። እና ካፌ የምበላው ሽሮ የመንግስት ስጦታ አይደለም፣ ዕዳዬ ነው፣ ስሜ ላይ ተመዝግቦ ይጠብቀኛል። ሰው የሚከፍለውን ዕዳ ዝርዝር ልየው ቢል ምኑ ነው ነውሩ?

በነገራችን ላይ የቀን ምግብ ተመኑ በ2017 ከ22 ብር ወደ 100 ብር ማደጉን ሳላመሰግን ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል፣ በ22 ብር ቁርስ ምሳ እራት እንዴት እንደሚበላ ያየ ያውቀዋል፣ 15 ብር የነበረበትን ዘመን ደሞ ሲኒየሮች እንደ ተረት ነው የሚያወሩት። ግን 100 ብሩ ሲመጣ ሜኑው ላይ ምን እንደሚጨመር፣ ስንቱ ለዘይት፣ ስንቱ ለጤፍ እንደሚሄድ ያወቅነው ተወያይተን ሳይሆን በወሬ ነው። ኖን ካፌው (ብሩን በእጁ ተቀብሎ ውጭ የሚበላው ተማሪ) ሌላ ያወራል፣ ካፌው ሌላ ያወራል፣ የካፌ ኮሚቴው ራሱ የሚያየው የመጣውን ሽንኩርት እንጂ የተገዛበትን ዋጋ አይደለም። ወሬ ደሞ እዚህ አገር ምን እንደሚያደርግ፣ ካፌ ውስጥ ትሪ ሲገለበጥ ከየት እንደሚጀምር፣ እኔ ለእርስዎ አልነግርም።

እናቴ ቢቸና ያለችበት ዕድር ጸሐፊው ስምንተኛ ክፍል ያልጨረሱ ሽማግሌ ናቸው። በየስብሰባው ተነስተው ገቢ ይህን ያህል፣ ወጪ ይህን ያህል፣ ለድንኳን፣ ለወንበር፣ ካዝና የቀረ ብለው ያነባሉ፣ አንዷ እናት "የወንበሩ ዋጋ በዛ" ካለች ደረሰኝ ያሳያሉ። እኛ አካውንቲንግ የሚማሩ ልጆች ሞልተውን ይሄን አላገኘንም።

ውጭ አገርም ቢሆን ይሄ ነገር ቀላል ሆኖ አይደለም። አሜሪካ ብዙ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተማሪው ከትምህርት ክፍያው ጋር ለግቢ እንቅስቃሴ የሚሆን ገንዘብ ይከፍላል፣ እሱን የሚያከፋፍለው ደሞ ራሱ የመረጠው የተማሪ መንግስት ነው፣ እነሱም እንደኛው ሲጨቃጨቁ ያድራሉ። የዊስኮንሲን ተማሪዎች "የማልደግፈውን ክበብ በብሬ ለምን ትረዳላችሁ" ብለው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሰው ነበር፣ ፍርድ ቤቱ በፈረንጅ 2000 ላይ ክፍያው ይቀጥል፣ ግን ብሩ ሲሰጥ የክበቡ አመለካከት እየታየ አይሁን አለ፣ በብዙሃን ድምጽ ብቻ አንዱን ክበብ መርዳት ሌላውን መከልከልም ያስቸግራል ብሎ አነሳ። እኔ ይሄን ሳነብ ያቺ ስለ ሞዴስ የተናገረችው ልጅ ናት ትዝ ያለችኝ። እጅ ማውጣት ብቻውን ፍትህ አይሆንም፣ አዳራሹ ውስጥ ጥቂት የሆነ ሰው ሁሌ ይሸነፋል።

አሁን ደሞ "ብር ብታዩ ትበሉታላችሁ" የሚለው ይመጣል። እውነት ነው፣ ህብረት ገብቶ ከጓደኞቹ ዶርም የተሻለ ዶርም የያዘ፣ የአስተዳደሩ ጆሮ ሆኖ የተመረቀ ልጅ አለ፣ ተማሪው ህብረቱን የማያምነውም በዚሁ ነው። ለዛ እኮ ነው ብሩን ስጡን የማልለው፣ ቼክ መፈረም አልፈልግም፣ ግዥውን ግዥ ክፍል ይግዛ። አሳዩን ነው የምለው። ሁሉም የሚያየውን ብር መብላት ይከብዳል፣ ለዲኑም ለህብረቱም።

የምጠይቅዎት ብዙ አይደለም። አንድ ሰርኩላር ለሁሉም ግቢ ይጻፉልን፣ የበጀት ጥሪው ሲመጣ እቅዱ ተሞልቶ ከመላኩ በፊት የተማሪ ተወካዮች፣ ቢያንስ ግማሾቹ ሴቶች ሆነው፣ ይቀመጡበት፣ ሴኔት ላይ መቀመጫ አላችሁ የሚለው ብቻውን አይበቃም፣ ሴኔት ላይ የሚደርሰው የበሰለው ነው። ለክበባትና ለተማሪ አገልግሎት የተያዘው ብር በሂሳብ መደቡ ተዘርዝሮ አንድ ገጽ ወረቀት ሆኖ ካፌ በር ላይ ይለጠፍ፣ በየሩብ ዓመቱ ምን እንደወጣ ከስሩ ይጻፍበት። የህብረቱ ምርጫ ግንቦት ላይ ይሁንና አዲሶቹ ከአሮጌዎቹ ጋር ተቀምጠው ይረካከቡ። ፕሮፖዛል ውድቅ ሲደረግም ምክንያቱ በጽሁፍ ይምጣ፣ "በጀት የለም" ብቻ ሳይሆን የቱ መደብ ላይ እንዳለቀ። ሞዴሱ ግን ከዚህ ሁሉ ወጥቶ ለብቻው ይታይልኝ፣ እሱ የክበብ ፕሮፖዛል መሆን ራሱ አልነበረበትም፣ እንደ ሳሙናና እንደ አምፖል በመደበኛ በጀት የሚያዝ ነገር ነው፣ ወንዶች በድምጽ ብልጫ የሚወስኑት ጉዳይ አይደለም።

የሚቀጥለው የበጀት ጥሪ ከመድረሱ በፊት መልስ እንጠብቃለን።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የዲፓርትመንት ተወካይ፣ ከጎጃም

ግልባጭ፦
ለዩኒቨርሲቲያችን ቦርድ
ለተማሪዎች አገልግሎት ዲን ጽ/ቤት
ለካፌ ኮሚቴ
ለፋይናንስ (የሂሳብ መደብ የማያስፈልገው ደብዳቤ ስለሆነ ቢቀበሉን)