ለገና አገር ቤት ለምትሄዱ፦ የጠመንጃ መነጽር ጉዳይ

ሰላም የቨርጂኒያ አዳኞች ቡድን አባላት፣

ለገና ስትሄዱ የጠመንጃ ስኮፕ (ማነጣጠሪያ መነጽር) ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቱ። እሑድ ከቀኑ 9 ሰዓት በተለመደው አዳራሽ እንነጋገርበታለን።

ብዙዎቻችን «ቃታ የለው፣ ጥይት የለው፣ መነጽር ብቻ ነው» እንላለን። አይደለም። ስኮፕ ከአሜሪካ ወደ አብዛኞቹ አገሮች ሲወጣ የአሜሪካ ንግድ ሚኒስቴር የኤክስፖርት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ሱቅ ውስጥ እንደ ልብ መሸጡ፣ ስጦታ መሆኑም ይህን አይለውጠውም። በጨለማ የሚያሳየው ደግሞ ቁጥጥሩ ይብሳል። አዲስ አበባም ጉምሩክ አለ። የመሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ «አላወቅኩም» ብሎ መከራከር አያዋጣም።

አምና አንድ ወንድማችን ለአጎቱ የገዛውን በልጅ ካልሲ ጠቅልሎ ያዘ። ኤክስሬይ ላይ ቱቦው ቁልጭ ብሎ ታየ። ዕቃው ተወሰደ፤ እናቱ ውጭ ቆመው ሲጠብቁት እሱ ውስጥ ሲጠየቅ አመሸ። ይህ በማናችንም ላይ እንዲደገም አልፈልግም።

የገዛችሁ ካላችሁ ደረሰኙንና የሞዴሉን ቁጥር ይዛችሁ ኑ፤ ዕቃውን ቤት ተዉት። ፈቃድ ይጠየቅበት ወይስ ለሱቁ ይመለስ የሚለውን አብረን እንወስናለን። «አድርሱልኝ» ተብሎ የሰው ዕቃ የተቀበላችሁም ንገሩን።

የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ መልሱልኝ። ትኬት የቆረጣችሁ የበረራ ቀናችሁንም ጻፉ።