ይድረስ ለወንድሜ፤ ስለ መመረቂያ ጽሑፍህ

ውድ ወንድሜ፣ ለጤናህ እንደምን ሰነበትህ? ባለቤትህና ልጆቹስ? የላክህልኝን የመጨረሻ ደብዳቤ ሳልመልስ ሦስት ዓመት ማለፉ ያሳፍረኛል፤ ሰበቤ የማስተርስ ጽሑፌ ነበር ብል ግን ኮርሱን አብረን ጨርሰን፣ በወሎው ረኃብ ላይ የጀመርኸውን ጥናት ሣጥን ውስጥ ቆልፈህ ወደ ማስተማሩ የተመለስህ አንተ ሳትረዳኝ አትቀርም። በመጪው መስከረም ልትቀጥለው ማሰብህን ስለ ሰማሁ የደረሰብኝን ልንገርህ።

ባለፈው ሰኔ ዲፌንስ አቀረብሁ፤ ጽሑፌን በፈታኞች ፊት ተከላከልሁ ማለት ነው። ከአማካሪዬ ጋር ሁለት ዓመት የተሟገትሁበት ትንተና ብዙም አላከራከረም፤ የውጭ ፈታኙ ጊዜያቸውን የወሰዱት በግርጌ ማስታወሻዎቹ ላይ ነበር። በ1966 ዓ.ም. የተጻፈና ወሩ ያልተጠቀሰበትን አንድ የአውራጃ ደብዳቤ እኔ 1974 እ.ኤ.አ. ብዬው ኖሮ፣ «ከታኅሣሥ 23 በፊት ተጽፎ እንደሆነስ?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ዓመቱን ወደ እ.ኤ.አ. ለመቀየር ከመስከረም እስከዚያ ቀን ዋዜማ የሚደመረው 7፣ ከዚያ ወዲያ 8 በመሆኑ 1973/74 ተብሎ መጻፍ ነበረበት። በአንተ ርእስ ላይ ደግሞ ነገሩ ከቁጥር ያልፋል፤ በጥቅምት 1966 በተጻፈ የእርዳታ ጥያቄና በሚያዝያው መካከል የየካቲቱ አብዮት አለ።

ሁለተኛው ልትጠነቀቅበት የሚገባህ ነገር የቃል መረጃ ሰጪዎች ዝርዝር ነው። ትምህርት ክፍላችን ስማቸውን፣ ዕድሜያቸውን፣ ቃለ መጠይቁ የተደረገበትን ቦታና ቀን፣ እንዲሁም ስለ ምን እንደሚያውቁ የሚገልጽ አጭር አስተያየት ይጠይቃል። እኔ አራት ሰዎችን ያነጋገርሁበትን ቀን አልመዘገብሁም ነበርና ለማጣራት ስደውል ሁለቱ ማረፋቸውን ሰማሁ። አንደኛው አዛውንት «የሚካኤል ማግስት ነው የመጣኸው» አሉኝ፤ የየትኛው ወር ሚካኤል እንደሆነ ግን እሳቸውም እኔም ሳናውቅ ቀረን።

በዋቢ ዝርዝሩ ኢትዮጵያውያን ደራሲዎችን በራሳቸው ስም አስቀድም። ኮምፒውተርህ ላይ የምትጭነው የዋቢ ማደራጃ ፕሮግራም የታሪክ ምሁሩን ባሕሩ ዘውዴን «ዘውዴ፣ ባ.» እያለ በአባታቸው ስም ያስመዘግባቸዋል፤ እኔ ይህን በእጄ ሳርም ሁለት ሌሊት አድሬአለሁ።

የኅዳጉ ስፋት፣ የመስመሩ ርቀትና ከሌላ ሰው ጽሑፍ አለመቀዳቱን የሚያጣራው ምርመራ የሳምንት ሥራ ናቸው። ፊርማው ግን ሌላ ነው፤ አማካሪህ፣ የውስጥና የውጭ ፈታኞችህ፣ የትምህርት ክፍሉም ኃላፊ ካልፈረሙበት ቤተ መጻሕፍቱ አይረከብህም። እኔ እርማቱን ስጨርስ የውጭ ፈታኙ ወደ ሥራ ቦታቸው ተመልሰው ስለነበር ለአንዲት ፊርማ ሌላ ከተማ ድረስ በአውቶቡስ ሄጃለሁ።

እንግዲህ በሣጥኑ ያሉትን ደብተሮች ሳትመርጥ ሁሉንም ይዘህ ና። ቃለ መጠይቆቹን ያደረግህበት ቀን በዳር በዳሩ ተጽፎ ከሆነ ከእኔ ይልቅ ዕድለኛ ነህ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥራ ስለሌለኝ የሰነዶቹን ዘመን አብረን እንቀይራለን። ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

አክባሪ ወንድምህ