ዓይን ያላወጣ እንጀራ

ቱሉ ዲምቱ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለዳዊት፣

እንደምን ከርመሃል? አራት ዓመት ሙሉ ዝም ያልኩህ እኔ ነኝ፤ ሰበብ አልደረድርም። የመጨረሻው ደብዳቤህ «ያለ ኒውክሌር የትም አንደርስም» ይል ነበር። ሲደርሰኝ ቤታችን መብራት ካየ ሦስት ቀን ሆኖት ስለነበር ተናድጄ አስቀመጥኩት። ንዴቱ ሲበርድ ደግሞ ሐፍረት ያዘኝ።

ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ ምጣድ ነው። ባለቤቴ አሥራ ሁለተኛውን አስፍታ አክንባሎውን እንደገጠመች መብራት ሄደ። ስትከፍተው ዓይን ያላወጣ፣ ነጭ ሊጥ! መንደሩ ሠላሳ ቤት ሳለ የተተከለው ትራንስፎርመር ዛሬ የስንቱን ምጣድ ይሸከም?

ሕዳሴ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋ ዋት። (ልጅ ሆነን ድንጋይ እየወረወርን የምንጫወትበት አባ ሳሙኤል ግድብ፣ የአገሩ የውኃ ኃይል ማመንጫዎች ሁሉ በኩር፣ 6.6 ሜጋ ዋት ብቻ ነበር።) ወር ሳይሞላ መንግሥት ሞስኮ ላይ ከሩሲያ ጋር ስለ ኒውክሌር ማመንጫ ሰነድ ተፈራረመ። «አላልኩህም?» ስትል ታየኝ።

ግማሹን አምንልሃለሁ። ኃይላችን ከሞላ ጎደል ሁሉም ከወንዝ ነው፤ ክረምት ከከዳን ጉድ ነው። ግን የአዳማ ነፋስ የሚበረታው በበጋ፣ ልክ ግድቦቹ በሚጎድሉበት ወራት መሆኑን ረሳኸው? ወደዚያ በወረድኩ ቁጥር እነዚያን ነጫጭ ክንፎች ሳላይ አላልፍም። ሁለቱ የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች ተደምረው 204 ሜጋ ዋት ናቸው፤ ከሕዳሴ ጎን ኢምንት፣ ሆኖም ነዳጅ አይለምኑም። የስምጥ ሸለቆውን የከርሰ ምድር እንፋሎትማ አሉቶ ላይ ቀመስ አድርገን ተውነው። አንድ ትልቅ የኒውክሌር ማብላያ ግን ሺህ ሜጋ ዋት እየሰጠ ድንገት ቢቆም፣ መስመሩ የሳሳ አገር አብሮት ይጨልማል። ነዳጁም ከውጭ፣ ባለሙያውም ለጊዜው ከውጭ። እኔ ብጠየቅ ገንዘቡን አስቀድሜ በሽቦና በትራንስፎርመር ላይ አፈስሰው ነበር፤ ለምርቃት ሪባን የሚቆረጥበት ሥራ ስላልሆነ ነው መሰለኝ ማንም አይቸኩልለትም።

አንተ ያለህበት ጀርመን የመጨረሻዎቹን ሦስት ማብላያዎች ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲዘጋ ምን አልክ? የመብራት ሒሳብህስ ጨመረ ወይስ ባለበት ነው? እውነቱን ጻፍልኝ፤ ብትረታኝም አልቀየምም።

ባለቤቴ ሰላም ትልሃለች። ሊጡ አሁንም ቡሃቃው ውስጥ ነው።

ወንድምህ፣
ታደሰ